ወፍጮው የቆመበት ቀን

እኔ ልጅ ሳለሁ በዶቅማ ውሃ የእጅ ሰዓት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መምህራችን ታደሰ ነው። ሌላው ሰው የሚኖረው በወፍጮው ድምፅ ነበር። ጠዋት ወፍጮው ሲነሳ ሱቆች ይከፈታሉ፣ ቀትር ላይ ሲያርፍ ምሳ ይበላል፣ አመሻሽ ላይ ዝም ሲል ሰው ሁሉ ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከተማዋን የወለዳትም እሱ ነው። ያልነበርኩበትን አላወራም፤ ይህን ግን አባቴ ነግሮኛል። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ወፍጮው ተተከለ። ከወፍጮው በኋላ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው መጣ። ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ከሻይ ቤቱ አጠገብ ልብስ ሰፊው መኪናውን ዘረጋ፣ ከልብስ ሰፊው ፊት ለፊት ጨውና ሳሙና የሚሸጥ ሱቅ ቆመ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሜዳው ከተማ ተባለ። ትምህርት ቤቱ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ለእሱ ቦታ አልተረፈም ነበር።

ይህን የምጽፈው እኔ ዘለቀ በየነ ነኝ። በስደት በምኖርባት በአውሮራ ከተማ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። መደበኛ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። እንግሊዝኛውን ከጋዜጣ፣ የመኪና ጥገናውን ከተበላሹ መኪኖች፣ ኮምፒዩተሩን ከልጄ ቁጣ ተማርኩ። ፓርኪንግ ውስጥ በምሠራበት ዘመን ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች የመንግሥት ፎርም ሲያስቸግራቸው ወደ እኔ ነበር የሚመጡት፤ ሞልቼ እሰጣቸው ነበር፤ ተመልሶ የመጣ ፎርም የለም። አሁንም ይህን የምጽፈው በአንድ ጣቴ ነው፤ ፊደል ግን አልገድፍም። ስለዚህ የዶቅማ ውሃ ተወላጆች የትምህርት ቤታችንን ታሪክ የምትናገር አነስተኛ መጽሐፍ ለማሳተም ሲያስቡ የማኅበራችን ጸሐፊ ሰናይት ለማን እንደምትደውል ግልጽ ነበር።

«ጋሼ፣ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው። እርስዎ ይጻፉልን» አለችኝ።

«አለቀ አትበይ። እኔ እያለሁ አላለቀም» አልኳት።

ሰናይት ነርስ ናት፤ የሙላት ልጅ ናት። ሙላት ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት አባቴ አምጥቶት እኛ ቤት አብረን አደግን። በአንድ መደብ ተኝተናል፣ በአንድ ሳህን በልተናል። ዛሬ እሱ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ከልጁ ጋር፣ እኔ እዚህ አውሮራ እንኖራለን፤ በየቅዳሜው እየሄድኩ ፀጉር ቤት እወስደው ነበር። «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

በሦስት ቀን ውስጥ ጽፌ ጨረስኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት፤ አሁንም ቢሆን አብዛኛው እውነት ነው።

መምህር ታደሰ በአንድ ሳጥንና በአንድ ጥቅልል ካርታ ወደ ከተማችን ሲመጣ የሚያስተምርበት ቤት አልነበረም። ባለወፍጮው የእህል ማከማቻውን ግማሽ ሰጠው። ማከማቻውና ወፍጮው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ የሚለያዩ ነበሩ። የምንቀመጠው በጆንያ ላይ ነው። ጥቁር ሰሌዳችን የማከማቻው አሮጌ በር ሲሆን፣ ያጠቆርነውም ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን በውስጡ ያለውን ከሰል ወቅጠን ነው። ደወላችን ከተሰበረ የጭነት መኪና የተረፈ ቸርኬ ነበር። ክፍሉ ዘወትር ትኩስ ዱቄትና ናፍጣ ይሸታል። ዓርብ ዓርብ በርበሬ የሚፈጭበት ቀን ስለነበር ግን የሚማር አልነበረም፤ መምህር ታደሰ «ሀገራችን በስተሰሜን...» ብሎ ይጀምርና በስንት ማስነጠስ መካከል ከሰሜን ወደ ደቡብ ሳይደርስ ይደወላል። እስከ ዛሬ ድረስ ካርታ ሳይ አፍንጫዬን ይበላኛል።

ስንመዘገብ ማን የልደት ወረቀት ነበረው? መምህሩ ልጁን ያቆምና ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ የግራ ጆሮውን እንዲነካ ያዝዛል። ጣቱ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ካልነካ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። የእኔ ነካ። የሙላት በአንድ ጣት ቀረ። ያን ቀን ሳይመዘገብ የቀረ ሁሉ እጁ አጭር ነበር ማለት አይደለም፤ የእኔ ረጅም ነበር፤ ዛሬም ረጅም ነው።

ነገር ግን አባቴ የወፍጮው ሠራተኛ ነበር። ሞተሩን የሚያስነሳው፣ እህሉን የሚመዝነው፣ ድንጋዩን የሚስለው እሱ ነው። ዱቄቱ በሚወጣበት ላይ ጆንያ ይዞ የሚቆም ልጅ ያስፈልገው ነበር፤ ያ ልጅ ደግሞ ከእኛ ከሁለታችን አንዱ ነበር። ሁለታችንም ትምህርት ቤት ብንሄድ ወፍጮው ይቆማል። ስለዚህ አባቴ ፈረደ፤ አንድ ቀን ዘለቀ ይማራል፣ ሙላት ጆንያ ይይዛል፤ በማግሥቱ ሙላት ይማራል፣ ዘለቀ ጆንያ ይይዛል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው፤ ዘለቀ በየነ። ስለዚህ ሙላትም ክፍል ሲገባ ዘለቀ ነበር። መምህር ታደሰ አያውቅም እንዳትሉ፤ አሳምሮ ያውቃል። ግን የልጅ ቁጥር ያስፈልገው ነበር፤ ቦታው ባዶ እንዳይሆን እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አይጠይቅም።

የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነበር። «ዘለቀ፣ ትናንት ምን ተማርን?» ይላል። ትናንት የተማረው ደግሞ ሌላው ዘለቀ ነው። አርጩሜ እንዳያርፍብን በየምሽቱ የዋለው ላልዋለው መንገር ነበረበት። እራት ከተበላ በኋላ አባቴ እግሩን ዘርግቶ «በሉ፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ይላል። አባቴ ፊደል አይቆጥርም ነበር። እኛም እንጀምራለን፤ ፊደሉን፣ ማባዣውን፣ ማን ማንን እንደመታ፣ መምህሩ የትኛውን ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ አንዳች ሳናስቀር። ወፍጮ ቤት የዋለውም የእሱን ቀን ይናገራል፤ ማን ወረፋ እንደሰረቀ፣ የማን አህያ ማንን እንደረገጠች። ሙላት ሲናገር ቦታው ድረስ ይወስድህ ነበር፤ የመምህሩን ድምፅ አውጥቶ፣ አካሄዱን ሄዶ ያሳያል። ዓይኔን ስጨፍን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ።

ከዚያ ቀጥሎ ነው ያ ታላቅ ቀን የመጣው። በሁለተኛው ዓመት የአውራጃው ተቆጣጣሪ በላንድሮቨር መጣ። መነጽር ያደረገ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ የያዘ ሰው ነበር። ተማሪው አነስተኛ ነው፣ ቤቱ የእህል ቤት ነው፣ በዚህ ጩኸት ውስጥ ደግሞ ሰው ቀርቶ ነቀዝ እንኳ አይማርም ብሎ ትምህርት ቤቱን ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውር ቆርጦ ነበር የመጣው። መምህር ታደሰ ለመነው። ተቆጣጣሪው «እንግዲያው አንድ ልጅ ይነሳና ይመልስልኝ» አለ። ዘለቀ በየነ ተነሣ።

«ሰባት አህዮች እያንዳንዳቸው ሰማንያ ኪሎ ቢጭኑ በጠቅላላው ስንት ኪሎ ይሆናል?»

ወፍጮው ያጓራል። ተቆጣጣሪው ደግሞ ጮኸ። አሁንም አልተሰማም። በዚያች ቅጽበት፣ በገበያ ቀን፣ ወረፋው እስከ ሾላው ዛፍ ድረስ ተሰልፎ ሳለ ወፍጮው ቀጥ አለ። እንዲያ ያለ ጸጥታ ዶቅማ ውሃ ሰምታ አታውቅም። ተቆጣጣሪው ጥያቄውን ደገመው፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ልጁ መለሰ፤

«አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ። ግን ጌታዬ፣ ሰማንያ ኪሎ የጫነች አህያ የእኛን ዳገት አትወጣም።»

ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ተቆጣጣሪው መሐረቡን ከአፍንጫው አንሥቶ ሳቀ። ትምህርት ቤቱ ቀረልን። በሚቀጥለው ዓመት የራሱ ቤት ተሠራለት፣ ሙላትም በገዛ ስሙ ተመዘገበ። ያ ልጅ እኔ ነኝ። ወፍጮውን ያቆመልኝ ደግሞ እግዚአብሔር ነው ብዬ ጻፍኩ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! ለልጆቼ፣ ለልጅ ልጆቼ፣ ለፓርኪንግ አለቃዬ፣ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ላደረገችልኝ ሴትዮ ሳይቀር። አንድ ቀን ብቻ፣ አሁን ሳስበው፣ የልጄ ልጅ ቤቲ ከምሳዋ ቀና ብላ «አባባ፣ ላስት ታይም እኮ በግራ በኩል ቆምኩ ነው ያልከው። ናው በቀኝ ትላለህ» ብላኝ ነበር። ለታላቅ «አንተ» እንደማይባል ነገርኳትና ወሬው በዚያው ታለፈ።

እሑድ ከሰዓት፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ወረድ ብሎ በሚገኘው አዳራሽ ተሰብስበን ጽሑፉን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሲያጨበጭቡ ሙላት ከኋላ ወንበር እጁን አነሣ።

«ዘሌ፣ ግሩም አድርገህ ጽፈኸዋል» አለ። «እኔ አልችለውም ነበር። ግን እኮ እዚያ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

«የት?» አልኩት።

«ተቆጣጣሪው ፊት ነዋ። ያን ቀን ተራው የኔ ነበር። አንተ ወፍጮ ቤት ነህ።»

«ሙላት፣ ዓይኑን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ! መነጽሩ ላይ ዱቄት ነበረበት።»

«ነበረበት። ማታ የነገርኩህ እኔ ነኛ።»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «ምነው አባቶች፣ በሰባት አህያ ትጣላላችሁ እንዴ?» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰናይት አባቷን ታያለች፣ እኔን ታያለች። እኔ ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረግኩ ጠፍቶኝ ሁለት ጊዜ ሕንፃውን ዞርኩ።

ሁለት ሳምንት አልደወልኩለትም። ሁለት ቅዳሜ ፀጉሩ ሳይቆረጥ ዋለ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ፤ ከቁጣ አልነበረም። ያን ቀን በቁም ነገር ለማስታወስ ስሞክር ይምታታብኝ ጀመር። የተቆጣጣሪውን ፊት አየዋለሁ፤ ግን የማየው ልክ ሙላት ፊቱን አጨማዶ እንዳሳየኝ ነው። የገዛ ድምፄን እሰማለሁ፤ ግን ከውጭ ነው የምሰማው፤ ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ይሰማል? ደግሞ ሌላ ቀን፣ በእርግጥ እኔ የዋልኩበትን፣ ለምሳሌ መምህር ታደሰ ካርታውን አይጥ በልታበት ያዘነበትን ቀን አነሣለሁ፤ እሱም እንደዚሁ ይሆንብኛል። የትኛው ያየሁት፣ የትኛው የተነገረኝ ነው? ተራ እንቆጥራለን ስንል በዓል ይገባበታል፣ ሕመም ይገባበታል፣ ይዛባል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የሌላ ሰው ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነኝ ብዬ ስንት ዘመን ኖሬ፣ ማባዣውን ያስተማረኝ ሙላት መሆኑን ሳላስበው መቅረቴ ደግሞ ደነቀኝ። ሰባትን በስምንት ማን ነገረኝ? መደብ ላይ በጨለማ ጣቴን እያጠፈ የቆጠረልኝ እሱ ነው ወይስ መምህሩ?

በዚህ ላይ ሳለሁ ሰናይት በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የዛሬው ርዕሰ መምህር አሮጌውን የጎብኚዎች መዝገብ ከቁም ሳጥን አውጥቶ ያነሳው ነው። ተቆጣጣሪው በሚያምር የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ብሏል፤ «ተማሪ ዘለቀ በየነ የተጠየቀውን በትክክልና በድፍረት መለሰ።» ሰናይት ከሥሩ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ስምዎ አለ» ብላ ጽፋለች። ስለ አባቷ አንድ ቃል የለም። ፎቶውን ለሁሉም ልካው ኖሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኬ አላቆም አለ፤ ፓርክ ሂል ሰፈር ያለው ይደውላል፣ ሎውሪ ሰፈር ያለው ይደውላል፤ «እርስዎ እኮ ታሪክ ነዎት!» ይሉኛል። ስንቱን አመሰገንኩ! መጽሐፏ በዚያ ሳምንት ማተሚያ ቤት ትገባ ስለነበር የመጨረሻው ቃል የኔ ሆኗል ማለት ነው። ግን ደስታው አልሞቀኝም። ምክንያቱም ያ ስም የሁለታችንም ነበር፤ ያን ቀን ማን ለብሶት እንደነበር ሊመሰክር የሚችል በዚህ ምድር ላይ ከሁለታችን በቀር የለም። ያኔ አብረውን ከተማሩት ዛሬ በሕይወት ያለ አላውቅም።

ሆኖም ላይብረሪ ሄጄ ፎቶውን በወረቀት አሳተምኩና የፒዮሪያን መንገድ ይዤ ወደ ሞንትቤሎ ነዳሁ። አላሳምርም፤ ላሸንፈው ነው የሄድኩት።

ሙላት ጋራዡን ከፍቶ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለልጁ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል። አውሮፕላን በላዩ ያልፋል። ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኗል።

«መጣህ?» አለ።

«መጣሁ። ማንበብ አልረሳህም አይደል?» ወረቀቱን ጭኑ ላይ አኖርኩለት።

መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ መሳቅ ጀመረ።

«በድፍረት ይላል» አለ።

«ይላል።»

«ስሙ ያንተ ነው ዘሌ። ሽንቱ ግን የኔ ነበር።»

ምን እንደሚል አልገባኝም። ነጭ ሽንኩርቱን ወደ ጎን አደረገ።

«ገና ስነሣ ነው ያመለጠኝ። በሁለቱም እግሬ ወረደ። ሥሬ የነበረው ጆንያ ባይመጠው ኖሮ ተቆጣጣሪው ጫማ ድረስ ይሄድ ነበር። ስለ አህያዋ የተናገርኩት ጎበዝ ስለሆንኩ መሰለህ? እግሬን እንዳያዩ ዓይናቸውን ወደ ዳገቱ ልልክ ብዬ ነው።»

«ይህን አልነገርከኝም።»

«ሁሉን ነገርኩህ፤ ይህን አስቀረሁ። ሰው ይህን ይናገራል?»

በእኔ ትዝታ ውስጥ ያ ልጅ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ጉልበቱ አይንቀጠቀጥም። እግሩ አይርስም። እግሩ ራሱ የለም። እግሬ ምን ላይ እንደነበረ ለማየት ብሞክር ከወገቤ በታች ምንም አጣሁ።

እሱ ግን ወሬውን ቀጠለ። «ወፍጮው ባይቆም ደግሞ ጥያቄውንም አልሰማሁትም ነበር። ናፍጣው ማለቁ በጀን። ለአባባ ግን ክፉ ቀን ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ባለወፍጮው ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ናፍጣ እንኳ መለካት የማትችል ብሎ...»

«አላለቀም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ናፍጣው። በርሜሉ እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር።»

ሙላት መነጽሩን አወለቀ። ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ።

«አንተ በምን አወቅህ? ክፍል ውስጥ ነበርክ አይደል?»

አፌ ከእኔ ቀድሞ ነበር የተናገረው። ከዚያ እጄ አስታወሰ። ይህን ነገር ረስቼው አልነበረም፤ ሌላ ቀን ላይ፣ ስም በሌለው ቀን ላይ አስቀምጬው ነው የኖርኩት። ከበርሜሉ ወደ ሞተሩ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነበር፤ መካከሉ ላይ የነሐስ መዝጊያ አለው። ላንድሮቨሩ ሲመጣ አይቻለሁ። በግድግዳው ስንጥቅ ጆሮዬን ለጥፌአለሁ። ሰውዬው ሲጮህ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን አይሰማኝም። ሙላት እዚያ ውስጥ ነው፣ በእኔ ስም ቆሟል፣ የሚጠየቀውን እኔ አልሰማም። ማታ እስኪነግረኝ መጠበቅ አልቻልኩም። ጆንያውን ለቅቄ ተንጠራርቼ መዝጊያውን አዞርኩት። ነሐሱ ይፋጃል። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳለና ቆመ።

ይህን ሁሉ ለሙላት ነገርኩት። አሁን ደግሞ ያልሰማው እሱ ነበር፤ የሰማሁት እኔ።

«እና አባባ ያንን ስድብ...» አለ።

«አዎ።»

አየር የገባበት ሞተር በቀላሉ አይነሳም። ያን ቀን አባቴ የሞተሩን ማስነሻ እጀታ፣ ማኑቬላውን እያዞረ ግማሽ ቀን ላበ። ወረፋው አጉረመረመ፣ ገሚሱ እህሉን ጭኖ ተመለሰ። ባለወፍጮው መጥቶ ሰደበው። እኔ ዱቄት ውስጥ ቆሜ አያለሁ። አባቴ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላይ ቀረሁ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ያ ወቀሳ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም፤ በከተማው ውስጥ የተዘናጋ ሰው ሲሰደብ «እንደ በየነ ናፍጣ» ይባል ነበር። እንደ ቀልድ ይሉታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ታዲያ አንድ ልጅ ከእነዚህ ከሁለቱ ትዝታዎች አንዱን ምረጥ ቢባል የትኛውን ይመርጣል? እልል የተባለለትን ነው ወይስ ይህን?

ሙላት መነጽሩን መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ «ዘሌ፣ ተወው» አለኝ። «መዝገቡ ያንተን ስም ይላል፤ ይቅር። እኔ ሽንቴን በመጽሐፍ አላስጽፍም።»

«ሽንትህን አልጽፍም። ስምህን እጽፋለሁ።»

«አባባንስ? ማን ያስታውሰዋል? የሰደበውም የተሰደበውም ሞቷል።»

«እኔ አለሁ» አልኩት። «ታውቃለህ፣ የጻፍኩት ነገር ፊደል አይገድፍም።»

«ጉረኛ!» አለና ነጭ ሽንኩርቱን ወደ እኔ ገፋ። ሁለታችንም ላጥን። ከዚያ ፀጉር ቤት ወሰድኩት። (ስለ ሽንቱ ይህ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ሊታተም ሲል ራሱ ነው የፈቀደልኝ፤ «ከሞትኩ በኋላ ከምታወራው እያየሁ አውራው» ብሎ።)

ለመጽሐፏ የሰጠሁት የመጨረሻ ጽሑፍ አጭር ነው። ተቆጣጣሪው ፊት ቆሞ የመለሰው ተማሪ በመዝገብ ስሙ ዘለቀ በየነ የተባለው ሙላት መሆኑን፣ ወፍጮውን ያቆመው ጆንያ ይዞ የነበረው ሌላው ዘለቀ መሆኑን፣ የወፍጮው ሠራተኛ አቶ በየነ በዚያ ቀን አንዳችም ጥፋት እንዳልነበረባቸው ጻፍኩ። ሰናይት አንብባ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር... የትምህርት ቤቱ ታሪክ ነው ወይስ የቤተሰብ?»

«የትምህርት ቤቱ ነው። አትንኪው» አልኳት።

አልነካችውም።

ዛሬ ትምህርት ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ሆኗል፤ ፎቶውን አይቻለሁ። ወፍጮው በመብራት ኃይል ይሠራል፣ ከከተማው ዳር ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስም፣ የራሱ ወንበር አለው። እዚህም ቤቲ የራሷ ጠረጴዛ፣ የራሷ ስክሪን፣ ስሟ የተጻፈበት ሎከር አላት። ከትምህርት ቤት ስመልሳት «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» እላታለሁ። «ናቲንግ» ትለኛለች። አልፈርድባትም። የምትናገርለት፣ ትምህርት ቤት ያልዋለ ሰው ቤት ውስጥ የላትም፤ ብትዘነጋ የሚገረፍባት የለም። እኛ አንድ ስም ለሁለት ለበስን፤ ጠበበን፤ ግን ማናችንም ቀናችንን ሳንናገር አልተኛንም።

የሚያደናግረኝ አንድ ነገር ቀርቷል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲነካ የኖረ ሰው ነው። መዝጊያው ተዘግቶ፣ በርሜሉ ሞልቶ ሳለ ናፍጣ አለቀ ብሎ ሊሳሳት አይችልም። አውቋል። ያን ምሽት ሙላት እየተነሣ እየተቀመጠ ሲተርክ፣ አባቴ እኔን ስለ ወፍጮ ቤቱ ውሎ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ያ ብቻ አይደለም። ካለፈው ወር ጀምሮ አንድ ነገር እየመጣ ፊቴ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ሲቆም አባቴ ከሚዛኑ ሮጦ መጣ። መዝጊያውን አየ፣ እኔን አየ። እጁን ሊከፍተው ዘረጋ። ግድግዳው ማዶ ያ ልጅ መናገር ጀመረ፤ አምስት መቶ ስልሳ አለ። የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ አንገቱን ወደ ስንጥቁ ዘንበል አድርጎ ሰማ፤ ልጁ ስለ አህያዋ ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ አልከፈተውም።

ይህ ሆኗል ወይስ አሁን በስተርጅና ለራሴ የፈጠርኩት ነው? ብዙ አሰብኩበት። ሙላት አላየውም፤ ክፍል ውስጥ ነበር። አባቴም እስኪሞት አላነሣውም። ይህን ማንም አልነገረኝም። እንግዲያው የኔ መሆን አለበት።